የዳኛው ብርጭቆ

ታላቁ እሳት ምድርን ካነደደ በኋላ ሰማያዊ ምላስ ይዘው የተወለዱት ሰባት መንደር መሥርተው ተባበሩ። ሰው ነን ባዮቹ ግንብ አጥረው ውስጡ ቀሩ። ሰማያዊ ምላስ ውሃ ውስጥ ያለውን መርዝ ይለያል፤ መርዙም አይገድለውም። ስለዚህ ከግንቡ ሰዎች አንዱም ሰማያዊ ምላስ ቀምሶ "ንጹሕ ነው" ሳይለው ጠብታ አይጠጣም ነበር።

የዳኛ ይልቃል ውሃ ቀማሽ ከመንደሮቹ የመጣች ሴት ነበረች። የግንቡ ሰዎች የመንደሯን ብቸኛ ጉድጓድ ሲቀሙ ልትመሰክር በዚያው ዳኛ ፊት ቆመች።

"ጌታዬ፣ ጉድጓዱን የቆፈርነው እኛ ነን። አፈሩን በጀርባዬ ተሸክሜያለሁ።"

ሁለት ዲግሪውን ከወንበሩ በላይ የሰቀለው ዳኛ ሳቀባት።

"አንቺ ሴትዮ! የሰማያዊ ምላስ ቃል በሕግ ፊት ምስክርነት እንደማይሆን ዛሬም አልገባሽም? እናንተን አምኖ የሚፈርድ ሞኝ የለም።"

ከዚያም ጉድጓዱ የግንቡ ነው የሚለውን ፍርድ፣ በራሱ ድምፅ እየተደሰተ፣ እስከ እኩለ ቀን አነበበው። ሲጨርስ ጉሮሮው ደርቆ ስለነበር እንደ ልማዱ ብርጭቆውን ወደ ሴትየዋ ገፋ። እሷም ተጎነጨች፣ አጣጣመች።

"እህ፣ ንጹሕ ነው ወይስ አይደለም?" አለ ዳኛው እጁን ወደ ብርጭቆው እየዘረጋ።

ሴትየዋ ብርጭቆውን ከፍርዱ ወረቀት ላይ አስቀመጠችለት።

"የእኔን ቃል አምኖ የሚጠጣ ሞኝ የለም፣ ጌታዬ። ችሎቱ ሙሉ ሰው ነው፤ አንዱ ይቅመስና ይመስክርልዎ።"