እማማ ግግር የዋጡት ትንፋሽ

ተረት ልነግራችሁ ነውና ጆሯችሁን ወዲህ በሉልኝ።

ምድር በምታልቅበት በደቡብ ጫፍ ፔንግዊን የምትባል አንዲት የበረዶ አገር ወፍ ነበረች። በነጭ ቀሚስ ላይ ጥቁር ካባ የደረበች ስለምትመስል እመት ካባ ይሏታል። ባሏ ዓሣ ሊያመጣ ባሕር ወርዶ አልተመለሰም። የቀራት አንድ ጫጩት ነው፤ ላባው ገና ያልጠና፣ ውሃ ቢገባ የሚሰምጥ።

አንድ ቀን ከእግሯ ሥር በረዶው ቋ! አለ። ደነገጠች።

"አያ ነፋስ፣ ምን መጣብን?"

"እኔ አላፊ ነኝ፤ ትናንትን አላውቅም" ብሎ አለፈ።

"እትዬ ባሕር፣ ምን መጣብን?"

"እኔንስ ሞቆኛል፤ ደልቶኛል" ብላ ተገላበጠች።

"እማማ ግግር፣ እርስዎስ?"

እማማ ግግር የበረዶ ግግር ናቸው፤ የአገሩ ሁሉ ታላቅ። የየዓመቱን በረዶ አንዱን ባንዱ ላይ ደራርበው፣ የየዘመኑን አየር በአረፋ በአረፋ ቋጥረው በሆዳቸው ይዘዋል።

"ሁሉም በሆዴ አለ ልጄ፤ ግን ጥልቅ ነው፤ የሚያወጣልኝ የለም" አሉ።

ይህን የሰማ፣ የጥንቱን አየር ሊያጠኑ የመጡ ሰዎች ያመጡት መሰርሰሪያ ቀረብ አለ። "እኔ ላውጣው እማማ። ግን ያምዎታል።"

"ግባ ልጄ።"

ገባ። ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረና እንደ ምሰሶ ያለ በረዶ አወጣ። አረፋው ጠሽ ብሎ ተነፈሰ።

"ይህ የቅርቡ ነው" አሉ እማማ። "ጭስ ጭስ ይላል። ከብዶኛል።"

ደግሞ ገባ። ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረና አመድ የቋጠረ በረዶ አወጣ።

"ይህ ተራራ እሳት የተፋበት ዓመት ነው። ፀሐይ ደብዝዛ በርዶን ነበር። አለፈ።"

ሦስተኛ ገባ። ከታች፣ ከታች፣ ከሁሉ በታች ደረሰ። እማማ ያወጣውን አይተው ተናገሩ።

"ይህ የጥንት የጥንቱ ነው። ያኔም አየሩ ሲከብድ ሙቀት ይመጣ ነበር። ግን እያዘገመ ነበር፤ አያቶችሽ ቀስ ብለው ይሸሹ ነበር። በሆዴ ካለው ከጥንቱ ሁሉ እንደ ዛሬው የከበደ ትንፋሽ የለም። የዛሬው ሙቀት በሩጫ ነው የሚመጣው።"

"ልጄስ እማማ?"

"ይህ የቆምሽበት ጠርዝ የልጅሽ ላባ እስኪጠና አይቆይልሽም። ወደ ጀርባዬ ውጪ፤ እዚያ ወፍራም ነኝ።"

"ለስንት ጊዜ?"

"ለልጅሽ እበቃለሁ። የልጅ ልጆቹን ነገር የሚያውቁት ጭሱን የሚያጨሱት ሰዎች ናቸው።"

እመት ካባ መሰርሰሪያው የበሳውን ቀዳዳ በክንፏ ዳሰሰች። "አመመዎት?"

"አመመኝ። ሳልናገር ብቀልጥ ግን ይብስ ነበር።"

እመት ካባ ጎረቤቶቿን ጠራች፤ "ኧረ ተነሡ!"

"እናቶቻችን እዚሁ ነው ያሳደጉን" አሏት።

አልተከራከረችም። ልጇን በሆዷ ገፋ ገፋ እያደረገች ሽቅብ ወጣች። የእሷ ጫጩት ሲንገዳገድ ያዩ ሌሎች ጫጩቶች ጨዋታ መስሏቸው ተከተሉት። እናቶቻቸውም "ኧረ ልጄን!" እያሉ ጫጩቶቻቸውን ተከተሉ።

ሁሉም ከወጡ በኋላ ጠርዙ ተገምሶ ባሕር ገባ። ባዶውን ገባ።

ሰዎቹም የበረዶውን ምሰሶ ተሸክመው፣ እማማ ያሉትን ለወገኖቻቸው ሊነግሩ ሄዱ። ወገኖቻቸው ሰምተው እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።

ታላቅ ሳለ ይጠየቃል፤ የሰማ ግን በእግሩ ይመሰክራል።