የንብ አናቢው የሰርግ ጥሪ

አንድ ሰው ነበረ፤ ንብ አናቢ ነበር። ሚስቱ ሞታበት አንዲት ሴት ልጁን ለብቻው ያሳደገ፣ በማሩ የታወቀ፣ በእጅ ጽሕፈቱ ደግሞ ከማሩ በላይ የታወቀ ሰው ነበር።

ወለላ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። የሰርግሽን ጥሪ ለሦስት መቶ ሰው በስልክ ልከሽ መልስ የሰጡሽ ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ «መምህር፣ ሰው አይወደኝም ማለት ነው?» ብለሽ ፊቴ ተቀምጠሻል። እመልስልሻለሁ። ግን ፊደል ካስቆጠርኩሽ ጊዜ ጀምሮ እንደምታውቂኝ በቀጥታ መመለስ አልችልበትም። ስልክሽን ገልብጪና ስሚኝ።

የዚህ ሰው ልጅ ለትዳር ደረሰች። እጮኛዋም ደግ ልጅ ነበር። ቀኑ ለዳግማይ ትንሣኤ ከተቆረጠ በኋላ ልጅቷ አባቷን «ሰርጌ በአያቴ አገር ይሁንልኝ» ብላ ለመነችው። አያቷ፣ ማለትም የንብ አናቢው እናት፣ ሐይቅ ዳር የኖሩና እዚያው የተቀበሩ ሴት ነበሩ፤ ልጅቷም ክረምት ክረምቱን እሳቸው ዘንድ ነው ያደገችው። አባትና ልጅ ከሚኖሩባት የደጋ ከተማ ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ ከማለዳ እስከ ማምሻ በአውቶቡስ፣ በማግስቱ ደግሞ ግማሽ ቀን በጀልባ መሄድ ያስፈልጋል። ጎረቤት ይህን ሲሰማ «ሰርግ ነው ወይስ የንግሥ ጉዞ?» እያለ አሾፈባቸው። አባትየው ራሱ ሐሳቡ ከብዶት ነበር፤ ግን ልጁን እምቢ ማለት አይሆንለትም።

«ሰውን ይህን ሁሉ መንገድ ስናስኬድ ጥሪውን እንኳ በእጃችን እንሥራው» አለችው።

እሺ አለ። ወረቀቱን እሷ ቆረጠች፣ አጠፈች፣ በፊቱም ላይ አንዲት የደንገል ታንኳ ሣለችበት። ማሰሪያውን ከቃጫ ገመደች። እሱ ከቀፎው ያወጣውን ሰም አቅልጦ ማሸጊያ አደረገው፤ ቤቱ ሳምንት ሙሉ ሰም ሰም ሸተተ። መጻፉም የእሱ ሥራ ሆነ። ምን ብዬ ልጻፍ ብሎ አልተጨነቀም፤ መሳቢያ ውስጥ የአንድ ጎረቤት የታተመ የሰርግ ካርድ ነበረና እሱን አውጥቶ ገለበጠው። «ክቡርነትዎ ከነባለቤትዎ በሰርጋችን ላይ ተገኝተው የደስታችን ተካፋይ እንዲሆኑልን በታላቅ አክብሮት እንጠይቃለን» ይላል። ያንኑ ጽፎ ያንኑ፣ ያንኑ ጽፎ ያንኑ። በሦስት ቀን መቶ ሃያውን ጨረሰ፤ አንድም ፊደል ከመስመሩ አልወጣም። ግማሹ ወዲያው ለየሰው ተበተነ።

በአራተኛው ቀን የልጅቷ የክርስትና እናት ካርዱን በእጃቸው ይዘው መጡ። ከንብ አናቢው በዕድሜ የሚበልጡ፣ ባላቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት የሆናቸው ሴት ናቸው። ተቀመጡ፤ ስለ ጤናው ጠየቁት፤ ስለ ንቦቹም ጠየቁት። ከዚያ ካርዱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጡለት።

«ከነባለቤትዎ ይላል» አሉት። «እኔ ከሄደ ጀምሮ ብጠራው ብጠራው አልሰማኝም። ጽሕፈትህ ያምራልና ምናልባት አንተን ይሰማህ ይሆናል፤ የእሱን ለብቻ ጻፍለት።»

ፈገግ ብለው ወጡ። ሰውየው ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ሚስት የሞተችበት ሰው ሆኖ ይህን ቃል ለባልቴት መጻፉ አንገበገበው።

«አላስተዋልኩም» አለ ለልጁ። «ሁሉም ላይ ያለው እኮ ያው ነው።»

«እሱ አይደል ችግሩ፣ አባዬ» አለችና ገና ያልተላኩትን ካርዶች አንድ በአንድ ታገላብጥ ጀመር። በመካከል እጇ ቆመ። «ይሄ ማነው? ለክቡር አቶ አንበርብር የሚለው?»

«አጎትሽ ነዋ።»

«አጎቴን አንቱ ማለት የጀመርከው መቼ ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንበርብር ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ከተነጋገሩ ስምንት ዓመት አልፏቸዋል። እናታቸው በሞቱ ጊዜ ታናሽየው ሌላ ክፍለ አገር ይኖር ነበር። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ቤት ድረስ ሄዶ፣ ሰውየውን ግራና ቀኝ ደግፎ ነው የሚያረዳው። ንብ አናቢው ግን የቀብሩ ጣጣ በዛበትና ለአንድ የጭነት መኪና ሹፌር «እግረ መንገድህን ለወንድሜ ንገርልኝ» አለው። የሹፌሩ መኪና መንገድ ላይ ተበላሸ፤ ከቀናት በኋላ ሲደርስም ወይ ረሳው ወይ ፈራው። ታናሽየው የእናቱን ሞት የሰማው በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ገበያ መሃል፣ ጤፍ ሲሸምት ነው። አንዲት ከአገራቸው የመጣች ነጋዴ የሰማ መስሏት «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለችው። የጤፉን ጆንያ እዚያው ጥሎ ሄደ ይባላል።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሊያስታርቃቸው በሞከረ ቁጥር ንብ አናቢው አንድ መልስ ብቻ ነበረው። «ልኬ ነበር እኮ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ልኮ ነበር። በዚህች እውነት ላይ ስምንት ዓመት ተቀመጠባት።

ልጅቷ ግን አጎቷን ትወደው ነበር። ሐይቁ ላይ ታንኳ መቅዘፍ ያስተማራት እሱ ነው። ሰርጓን እዚያ ያሰበችውም ምናልባት የእናቱ አገር ይስበው እንደሆነ ብላ ነው፤ ለአባቷ ሳትነግረው ቆይታ ያን ዕለት ነገረችው። «እሱ ከቀረ ደስታዬ ግማሽ ነው» አለችው፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

ሰውየው ካርዱን ከእጇ ተቀብሎ ሰሙን ሰበረ። ክቡርነትዎ፣ ከነባለቤትዎ፣ በታላቅ አክብሮት። ከአንድ መሥሪያ ቤት ለሌላ መሥሪያ ቤት የተጻፈ ይመስላል። ቀደደው። አዲስ ወረቀት ወስዶ ብዕሩን እንደያዘ ብዙ ቆየ፤ ያ መቶ ሃያ ካርድ በሦስት ቀን የጨረሰ እጅ ለገዛ ወንድሙ የሚጽፈው አጣ። በመጨረሻ እናታቸው በልጅነት ይጠሩት በነበረው ስም ጀመረ።

«አንቡ፣ ያኔ መምጣት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ልጄን በእማዬ አገር ልድራት ነው። ና።»

ጽሕፈቱ እንደወትሮው አላማረም። ልጅቷ ሰሙን ልታቀልጥ ስትነሣ «ተይው» አላት። ሳያሽገው ኪሱ ከተተና በማግስቱ ማለዳ ራሱ ተሳፈረ።

ሲደርስ ታናሽየው የአጥሩን አጣና እያሰረ ነበር። ቀና ብሎ አየው፤ ልጡን ከእጁ አልጣለም።

«ምነው ጋሼ፣ ሹፌር ጠፋ?» አለው።

ስምንት ዓመት ሙሉ ያስቀመጣት ቃል ነበረች።

«ሹፌርማ ሞልቷል» አለ ንብ አናቢው። አውቶቡስ ላይ ያሰናዳው ሌላ ብዙ ንግግር ነበረ፤ ሁሉም ከአፉ ጠፋ። ወረቀቱን አወጣና ዘርግቶ ሰጠው።

ታናሽየው አነበበ። ጥቂት መስመር ናት፤ እሱ ግን ረጅም ደብዳቤ እንደሚያነብ ሰው ቆየባት። ከዚያ በጥንቃቄ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተታት። ልጡን ጣለ፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ።

«ግባ» አለው።

ይኸው ነው። ሽማግሌ አልተሰበሰበ፣ ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ የወደቀ የለ። የዕለቱን ጨዋታቸውን አልነግርሽም፤ እኔም አላውቀውም። ንብ አናቢው ግን እዚያ ሁለት ቀን ሰንብቶ ሲመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ብቻውን ፈገግ ይል እንደነበር አውቃለሁ።

ቤቱ እንደገባ የቀሩትን ካርዶች ሁሉ ሰማቸውን ሰበረና ደግሞ መጻፍ ጀመረ፤ ካርዱ ለደረሳቸውም ሳይቀር ሌላ ጻፈላቸው። አሁን ለእያንዳንዱ የሚገባውን ነው የጻፈው። ለቄሱ «ይምጡና ይባርኩልን» አለ። ለዕድሩ ሰዎች «እናንተ ከሌላችሁ ድንኳኑ ምን ያደርግልኛል» አለ። መንገድ ለሚፈራ አብሮ አደጉ «አንተ ሰነፍ፣ ለዚህ እንኳ ተነሣ እንጂ» ብሎ ጻፈለት። እንዲህ ሲጽፍ ሲጽፍ እጁ ሞቀና ለክርስትና እናቲቱም «ነይ» ብሎ ጻፈላቸው። ያን ያህል ትልቅ ሴት። ስሕተቱን ያወቀው ካርዱ ከሄደ በኋላ ነው፤ ላብ አጠመቀው።

የሰርጉ ዕለት ሁሉም አልመጣም፤ እውነቱን ልንገርሽ። ከተጠሩት ግማሽ ያህሉ ቀረ፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሥራ አለ፣ ሕመም አለ። የቀረው ግን የቀረበትን ምክንያት ጽፎ መለሰ፤ አንዳንዱ ምክንያቱ ከካርዱ ይረዝማል። የተረፈውን ምግብ የሐይቅ ዳር ሰው እየዘፈነ በላው። ክርስትና እናቲቱ አንድ ቀን በአውቶቡስ፣ ግማሽ ቀን በጀልባ ተጉዘው መጡና ገና ከጀልባው ሳይወርዱ ንብ አናቢውን «አንተና እኔ አፈር ፈጭተን፣ ጭቃ አቡክተን ያደግነው መቼ ነው?» ብለው በሰው ፊት ተቆጡት። ተቆጥተው ሲያበቁ መቀነታቸውን አጥብቀው እስክስታ ወረዱ። «ነይ ያለኝ ሰው የለም፣ ባሌ ከሞተ ወዲህ» ሲሉ የሰማ ሰው አለ።

ታናሽየው ወንድም ከሁሉም ቀድሞ በዋዜማው ደርሶ ነበር። በመጀመሪያ ወደ እናቱ መቃብር ሄደ፤ ወንድሙም ተከተለው። ስምንት ዓመት የያዘውን ልቅሶ እዚያ አለቀሰው። ከዚያ ሐይቁ ላይ ፊቱን ታጠበ። በነጋታው ሙሽሪትን በታንኳ ቀዝፎ ቤተ ክርስቲያን ያደረሳት እሱ ነው፤ መቅዘፊያውን አንዴ አንዴ ለእሷ እየሰጣት፣ እሷም በሙሽራ ልብሷ እየቀዘፈች። ልጅቷ ደስታዋ ሙሉ ሆነ። አባቷም ዳር ቆሞ እንደ ልጅ ይስቅ ነበር።

እንግዲህ ወለላ፣ ወዳንቺ ልመለስ። ያንቺም ሰርግ ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር መሆኑን እንዲሁ የገጠመ ነው በይው።

ስልክሽ ያ ሹፌር ነው። ክፉ አይደለም፤ የራሳችንን ሥራ ለእሱ የሰጠነው እኛ ነን። ሰው አይወደኝም ወይ አልሽኝ፤ ሰው ገና አልተጠራም። ልከሻል እንጂ አልጠራሽም። ለእኔም ደርሶኛል፤ «ክቡራንና ክቡራት» ይላል። እዚህ ቤት ብቻዬን እንደምኖር ታውቂያለሽ፤ ዞር ዞር ብዬ ሌሎቹን ፈለግኋቸው። በፊደል ጊዜ ደጋግመሽ የ«ሸ»ን ቆብ ስትረሺ ጆሮሽን የቆነጠጥኩት ሰውዬ ነኝ እኮ። ክቡራን ስትዪኝ ሌላ ሰው የጠራሽ መሰለኝ፤ ለዚህ ነው ያልመለስኩልሽ። አዎ፣ ካልመለሱት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ፤ ቅር ብሎኝ ነበር።

አሁን ሄደሽ ወረቀት መቁረጥና ቃጫ መግመድ ነው ያለብኝ ብለሽ እንዳትነሺ። የንብ አናቢውም ካርድ በእጅ የተሠራ ነበር፤ በሰም የታሸገ፣ ታንኳ የተሣለበት። ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ቃል እስከጻፈበት ድረስ ማንንም አልጠራም። ሦስት መቶውንም በእጅሽ ጻፊ አልልሽም፤ ጣቶችሽ ለቀለበት ይፈለጋሉ። ለማን «ና»፣ ለማን «ነይ»፣ ለማን «ይምጡ» እንደምትዪ አንድ በአንድ አስቢበት ነው የምልሽ። ለአንዱ ወረቀት ይሆናል፣ ለአንዱ ስልክ ይበቃዋል፣ አንዱ ዘንድ ደግሞ በእግርሽ መሄድ ይኖርብሻል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽና እንጨርስ። ታላቅ እህትሽ ከመለሱልሽ ዘጠኝ ሰዎች አንዷ ናት? ካለፈው ፋሲካ ጀምሮ እንደተኳረፋችሁ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለእሷም «ክቡራንና ክቡራት» ብለሽ ነው የላክሽላት?

ስልክሽን አታንሺው፤ ገባኝ። ወረቀት መሳቢያው ውስጥ አለ፣ ብዕሩም ይጽፋል። በልጅነታችሁ ትጠሪያት በነበረው ስም ጀምሪ፤ ያን ስም እኔም አውቀዋለሁ፣ በዚህ ግቢ ስትጠሪያት እሰማ ነበር። ቤቷም እዚህ ማዶ ነው፤ ሹፌር አያሻሽም።

የኔን ግን ተይው፤ ለእኔ ወረቀት አታባክኚ። ይኸው ፊትሽ ተቀምጫለሁ፤ በአፍሽ ጥሪኝ።