ማር የጠገበው ጉርሻ

አቶ ምንዳዬ የከተማው ትልቅ ባለሀብት ናቸው። ስኳር ሲይዛቸው እንኳ አላዘኑም። "ይህ የሀብታም በሽታ ነው" እያሉ፣ ኪኒናቸውን ለሰው ሁሉ እንደ ኒሻን አሳይተው ነበር የሚውጡት።

አንድ ቀን ድግስ ደግሰው፣ ጓዳ ልታግዝ የመጣችውን የዘበኛቸውን ነፍሰ ጡር ሚስት አዩ። ሴትዮዋን በዚያው ሳምንት የጤና ጣቢያ ነርስ፣ "በእርግዝናሽ ስኳርሽ ከፍ ብሏል፣ ክብደትሽም ቶሎ ጨምሯል፤ ጣፋጭ ካልቀነስሽ ለአንቺም ለልጁም ያሰጋል" ብላ አስጠንቅቃታለች። አቶ ምንዳዬ ግን ማር የጠገበ ጨጨብሳ፣ ጡጫ የሚያክል፣ ጠቅልለው ተነሡ።

"እንቺ ጉረሺ! ነፍሰ ጡር የምትበላው ለሁለት ነው።"

"ይቅርታ ጋሼ፣ ስኳር አለብሽ ብለውኛል።"

እንግዳው ሁሉ ዞር ብሎ አያት። የአቶ ምንዳዬ ፊት ጠቆረ።

"ስኳር? አንቺ? የዘበኛ ሚስት ከእኔ እኩል ልትታመም? በይ ወይ ጉረሺ፣ ወይ ባልሽ ነገ ሌላ በር ይፈልግ!"

ባልዋ በር ላይ ቆሞ፣ "ጉረሺና ገላግይኝ" በሚል ዓይን ያያታል። እሷ ግን ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

"እውነትዎን ነው ጋሼ፣ በሽታው የሀብታም ነው። እኔንም የቸገረኝ ይኸው ነው፤ በሽታው ቀድሞ ደረሰና ሀብቱ መንገድ ላይ ቀረ። እንግዲህ ማካፈልዎ ካልቀረ ከሀብቱ ይጀምሩልኝ፤ በሽታውን በኋላ እጎርሰዋለሁ።"

አቶ ምንዳዬ ጉርሻውን ቀስ ብለው ወደ ትሪው መለሱት። ዘበኛውንም አላባረሩትም፤ ሀብት የማካፈሉ ወሬ ዳግም ሰው ፊት እንዳይነሣ ሠግተው ነው ይባላል።