ከጉልላቱ የተጀመረው ቤት

ተረት ተረት ስላችሁ «የመሠረት» ብላችሁ ትመልሱልኝ የለ? ዛሬ እንደሱ አይሆንም። ዛሬ «የጉልላት» በሉኝ። ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባችኋል። አንተ ጥግ ላይ ያለኸው፣ አልሰማሁህም። እሺ፣ አሁን ሆነ።

ድሮ ድሮ፣ በሩቁ በህንድ አገር፣ ድንጋይ ጠራቢዎች የሚኖሩበት አንድ ሸለቆ ነበር። ከሸለቆው በላይ ተራራ አለ። ከተራራው ሥር ምንጭ አለ። ንጉሡ ጠራቢዎቹን ጠርቶ «ይህን ተራራ ለአምላኬ ቤተ መቅደስ አድርጉልኝ» አላቸው። ተራራው ላይ ሥሩልኝ አላለም። ተራራውን ራሱን ቤት አድርጉት ነው ያለው። ይታያችኋል?

ጠራቢዎቹ አናቱ ላይ ወጡ። ዙሪያውን ቆፈሩና መሃሉን አስቀሩ። መጀመሪያ ጉልላቱን ጠረቡ። ከጉልላቱ ወደ ጣሪያው ወረዱ። ከጣሪያው ወደ ዓምዶቹ ወረዱ። ከዓምዶቹ ወደ ወለሉ ወረዱ። እንጨት አላቆሙም፣ ጭቃ አላቦኩም፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልደረቡም። በመሮና በመዶሻ መቀነስ ብቻ። እንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ ስህተት አይወድም። የጠረብከውን ዝሆን ኩምቢ ብትሰብረው ከየት አምጥተህ ትቀጥለዋለህ? እኛም ከአንድ አለት ቤት የፈለፈሉ ሰዎች ልጆች ነንና ድካሙ ይገባናል። ይህን ባወራሁ ቁጥር የራሴ ዘመዶች የሠሩት ይመስል ደረቴ ይነፋል።

አያት ጉልላቱን ጠርቦ ሞተ። አባት ዓምዶቹን ጠርቦ ሞተ። ልጅየው ማላና፣ ቤቱን በጀርባቸው የተሸከሙ የሚመስሉትን ዝሆኖች እታች ሲጠርብ ሸበተ። ከሦስቱ አንዱም ስሙን አልጻፈም። በእነሱ ወግ በአምላክ ቤት ላይ የራስን ስም መጻፍ ነውር ነበር።

ሥራው ሊያልቅ ሁለት ዓመት ሲቀረው ኬሻቫ የሚባል ሹም ሥራውን ሊቆጣጠር ከከተማ መጣ። ጠራቢዎቹን ያገኛቸው ዝሆኖቹ እግር ሥር ጎንበስ ብለው ነው። እሱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ማንጎ ይበላል። ሲጠግብ ይቆጣል። ተቆጥቶ ሲጨርስ ይተኛል። አንድ ቀን እንኳ «ይህ ነገር እንዴት ተሠራ?» ብሎ አልጠየቀም። መጠየቅ ያሳንሰኛል ባይ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በእኛም ሰፈር አለ፤ ስሙን አልጠራም።

ሥራው አለቀ። ያ ንጉሥ ሞቶ የልጅ ልጁ ነግሦ ነበርና፣ ወጣቱ ንጉሥ ሊመርቅ መጣ። ዝሆኖቹን አየ። አንበሶቹን አየ። ግድግዳው ላይ የሚጨፍሩትን ሴቶች አየ። «ይህን የሠራ ወገን ሸለቆውና ምንጩ እስከ ልጅ ልጁ ርስት ይሁነው» አለ።

ኬሻቫ ቀደመ።

«ጃንሆይ፣ የሠራነው እኔና ወገኖቼ ነን። አያቴ ጀመረው፣ እኔ ጨረስኩት። እነዚህ ድንጋይ የሚያግዙ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ሌላ አገር ይፈልጉ።»

የሸለቆው ሰው ክው አለ። የተጻፈ ስም የለ፣ ምን ያሳዩ? ቤታቸው ሊሄድ ነው፣ ምንጫቸው ሊሄድ ነው። ማላና ግን በትሩን ተደግፎ ተነሣ።

«ጃንሆይ፣ ሦስት ነገር ልጠይቀው። ሦስቱንም ከመለሰ ዕቃችንን ጭነን እንወጣለን።»

«ጠይቀው» አለ ንጉሡ።

«ዓምዱ ስንት ነው?»

ኬሻቫ ሥራ ሲፈታ ሲቆጥር ነው የከረመው። «አርባ ስምንት» አለ። ተቆጠረ። አርባ ስምንት።

«ሲመቱት እንደ ደወል የሚጮኸውስ የትኛው ነው?»

ኬሻቫ ጀርባውን የሚያሳርፍበት ዓምድ ነበር። «ከምሥራቁ በር ሁለተኛው» አለ። ሄደው መቱት። ጮኸ።

የማላና ሚስት ጋውሪ ነጠላውን ይዛ ጎተተችው። «አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? የሚያውቀውን እየጠየቅህ ከቤታችን ልታስነቅለን ነው?»

«ተይ እንጂ ጋውሪ፣ ታገሺ» አላት። «ሰው ልቡ ሲያብጥ አፉ ይከፈታል።» ወደ ኬሻቫም ዞረ። «የመጀመሪያው መዶሻ የት ላይ አረፈ?»

ኬሻቫ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ይህም ጥያቄ ሆኖ። መሠረቱ ላይ ነዋ። አያቴ መሠረቱን ሲጥል አባቴ ቆሞ አይቷል። ከመሠረቱ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ጣሪያው። ጉልላቱንማ ባለፈው ዓመት በእጄ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አንዲት አሮጊት ሳቋ አመለጣት፣ ሌላዋ ተከተለች፣ መንደሩ በሙሉ ሳቀ።

«ጃንሆይ» አለ ማላና፣ «ጉልላቱን ይዩልኝ። ከዚያ የዝሆኖቹን እግር ይዩልኝ።»

ንጉሡ በቤቱ ዙሪያ ወደተቆፈረው ገደል አፍ ወጣ። ጉልላቱ እሱ ከቆመበት መሬት ጋር ትክክል ነው። ዝናብ አጥቁሮታል፣ ሽበት አውጥቶ ቋቁቻ ለብሷል። ወደ ታች ወረደ። የዝሆኖቹ እግር ትናንት የተላጠ ይመስል ነጭ ነው። እጁን ከግድግዳው ወደ ዓምዱ፣ ከዓምዱ ወደ ወለሉ እየዳበሰ ሄደ። መጋጠሚያ የሚባል የለም።

«ኬሻቫ፣ ባለፈው ዓመት ያስቀመጥከው ጉልላት የሰማንያ ክረምት እርጅና ከየት አመጣ?»

ንጉሡ ቀጠለ።

«እንግዲያው አስቀምጬዋለሁ ካልክ የተቀመጠበትን መጋጠሚያ አሳየኝ። ያገኘኸው ቀን ሹመትህን እመልስልሃለሁ። እስከዚያ የቤቱን ወለል ትጠርጋለህ።»

ንጉሡ ርስቱን ለጠራቢዎቹ ሰጠ። ለማላናም፣ «ሁለተኛ ሰው እንዳይነጥቃችሁ ስምህን በሩ ላይ ጻፍ» አለው።

ማላና ግድግዳውን በመዳፉ ነካ አደረገው። «ይቅርብኝ ጃንሆይ። ስሜን ለመጻፍ ከአያቴ ሥራ ላይ መቀነስ አለብኝ። የተቀነሰ ደግሞ አይመለስም። የሠራው ማን እንደሆነ የሚያውቀው፣ ከየት እንደተጀመረ የሚያውቅ ነው።» ንጉሡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣው።

ኬሻቫም ሸበተ። በአንድ እጁ መጥረጊያ፣ በሌላው ግድግዳ ዳበሳ። ሲጠይቁት «ዛሬ ሳላገኘው አልቀርም» ይላል። ጣቶቹ ድንጋዩን አለሰለሱት እንጂ ያገኙት ነገር የለም። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው።

ተረቴን ከጉልላት ጀምሬ መሬት አድርሻለሁ። የቀረውን እናንተ መልሱ፣ ዳቦውንም ወዲህ በሉ።