የጽዳት ሠራተኛዋ መስመር

«አንድ የተማረ ሰው ነበረ» አልኩት። ጠያቂዬ ወጣት መምህር ነው፤ የሚገባው የትምህርት ዕድል ለሌላ ተሰጥቶበት፣ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ለምን እለፋለሁ?» ብሎኝ ነበር።

ይህ ሰው ዩኒቨርሲቲውን በማዕረግ ጨርሷል። ውጭ አገር ለመማር ካለፉት ጋር ስሙ ተለጥፎ ነበር፤ በማግስቱ ዝርዝሩ ተቀየረና በእሱ ቦታ የአንድ ባለሥልጣን የእህት ልጅ ገባ። ሰውየው ከዚያን ቀን ወዲህ መጽሐፍ አልገለጠም። ቢሮ ተቀምጦ የሌሎችን ሥራ ሲቆጣጠር ሃያ ሁለት ዓመት ኖረ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የጎልማሶችን የእንግሊዝኛ ንባብ ክፍል እንዲያይ ተላከ። ጉድለት ሊጽፍ የቁጥጥር ቅጹንና ብዕሩን አውጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። ተማሪዎቹ ጥበቃዎች፣ ሾፌሮች፣ ምግብ አብሳዮች ነበሩ። የዕለቱ ንባብ ከጽዳት ፈሳሽ ጠርሙስ ላይ ተገልብጦ ለእሱም ጭምር በወረቀት የታደለ ማስጠንቀቂያ ነው። ጠርሙሱን ያመጣችው አንዲት የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ጽሑፉን ማንበብ ስላልቻለች ሁለት ፈሳሽ ደባልቃ፣ ከድብልቁ በወጣው ጭስ ታፍና ሦስት ቀን ተኝታ ነበር።

ተራዋ ደረሰ። ጣቷን ከመስመሩ ሥር አድርጋ የመጀመሪያውን ቃል መግፋት ጀመረች። አንድ ሾፌር፣ «እትዬ፣ እርስዎ እስኪደርሱ ነዳጅ ያልቃል» ብሎ መስመሩን በአንድ ትንፋሽ አነበበው። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩም በእንግዳው ፊት መዘግየቱን ፈርቶ፣ «ጎበዝ፣ ቀጣይ» አለ።

የተማረው ሰው፣ አሁን ወረቀቷን ታጥፋለች ብሎ ጠበቀ። ሌሎቹ እስከ ታች አነበቡ፤ የእሷ ጣት እዚያው ነው። ሲጨርሱ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የእኔ መስመር ቀርቷል።»

«ተነቧል እኮ፣ እትዬ።»

«እሱ ነው ያነበበው። ሰኞ ጠርሙሱን የምይዘው ግን እኔ ነኝ።»

ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ ጣቱን ወደ እሷ መስመር መለሰ፤ ሌሎቹም መለሱ። እየወደቀች እየተነሳች አነበበች። ስትጨርስ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ከሌላ ጋር አትደባልቁ ነው የሚለው» ብላ በረጅሙ ተነፈሰች። የተማረው ሰው ቅጹን ሲያይ ባዶ ነው፤ የእሱም ጣት እዚያው መስመር ላይ ነበር።

ያ ሰው እኔ ነኝ። የበደሉኝን ይቅር አላልኩም፣ አንተንም ይቅር በል አልልህም። ተራህን ነጥቀውሃል። የእኔንም ነጥቀውኝ ነበር፤ መጽሐፉን ግን ሃያ ሁለት ዓመት ዘግቼ ያስቀመጥኩት ራሴ ነኝ። አንተ ጣትህን ከመስመርህ ላይ አታንሳ።