ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

አቶ ምንዳርአለው የመምሪያ ኃላፊ ሲሆኑ ሹመቱና ኮምፒውተሩ በአንድ ቀን ነበር የደረሷቸው። ሹመቱን ከዚያችው ቀን ጀምረው ተጠቀሙበት። ኮምፒውተሩ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አዲስነቱ እንዳይጠፋ ከነፋብሪካ ላስቲኩ፣ ነጭ ዳንቴል ለብሶ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀመጠ። ደብዳቤውን ሁሉ የምትጽፈው ጸሐፊያቸው ናት፤ እሷም በራሷ ኮምፒውተር።

አንድ ቀን "ይሄ ዕቃ ደብዝዞብኛል፤ ለማዕረጌ የሚመጥን ይገዛልኝ" አሉና የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተር ጠጋኝ አስጠሩ። ጠጋኟ ሴት ምላሷ እንደማያርፍ ሰምተው ስለነበር፣ በሰው ፊት ኩም ሊያደርጓት ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰቡ።

"በይ ምረጪልኝ" አሏት ወንበራቸው ላይ ተለጥጠው። "ርካሹን ካልሽ ንቀሽኛል ማለት ነው። ውዱን ካልሽ ደግሞ ከነጋዴ ጋር ተሻርከሻል። ዝም ካልሽም ሙያሽን አታውቂም፤ ዛሬውኑ ትሰናበቻለሽ።"

ሠራተኛው አንገቱን ደፋ። እሷ ግን ዳንቴሉን ገለጥ አድርጋ፣ ስክሪኑ ላይ የተለጠፈውን ላስቲክ በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችው። ነገሩ ገባት፤ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቀና አለች።

"ጋሼ፣ ጀርባው የሚያምረውን ይግዙ።"

"ጀርባው? ኮምፒውተር በጀርባው ይመረጣል እንዴ?"

"የእርስዎ እንዴታ! ባለጉዳይ ሲገባ የሚያየው ጀርባውን ነው። ፊቱን እንደሆነ እንኳን ባለጉዳይ እርስዎም አላዩት።"