የጠገበች ማባዣ

አንድ ሰው ነበረ፤ ቀለም የሚወድ።

ትርሲት፣ ስለ ልጅሽ የጠየቅሽኝን ሰምቻለሁ። ቀን ትምህርት ቤት ይውላል፣ ሲመለስ አስጠኚ ይጠብቀዋል፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሌላ አስጠኚ ይመጣል። ውጤቱ ግን እየደበዘዘ ሄደ። «ጋሼ፣ ከዚህ በላይ ምን ልጨምርለት?» አልሽኝ። መልሴ ይህ ሰውዬ ነው። ወንድሜ አባትሽ እንደነገረሽ የወጣትነቴን ነገር አላወራም። ዛሬም የማወራልሽ ስለ ሰውዬው ነው።

ሰውዬው ብርድ በሚበረታበት በአንድ ትንሽ ከተማ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበር። በከተማው የነበረችው ማባዣ አንዲት ብቻ ስትሆን እሷም በእሱ እጅ ነበረች። የአሁን ልጆች ማባዣ አያውቁም። ሰም በተቀባ ስስ ወረቀት ላይ በጽሕፈት መኪና ይተየባል፤ ፊደሉ ሰሙን ይበሳዋል። ስቴንስል የሚባለው ይህ ወረቀት ነው። ስቴንስሉን ወስደሽ ዙሪያውን በጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳሳ የብረት ከበሮ ላይ ታለብሺዋለሽ። ቀለሙ ያለው ከበሮው ሆድ ውስጥ ነው። መዘውሩን ስታዞሪ ቀለሙ በብረቱ ቀዳዳ ያልፋል፣ በላዩ የተወጠረውን ጨርቅ ያርሳል፣ ከዚያ በተበሳው ፊደል ወጥቶ ወረቀት ላይ ያርፋል። ልብ በይ፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚመጣው። እንደ በርና መስኮት ቀለም ከላይ አይቀባም።

ጸሐፊው ጥቁር ጽሑፍ ይወድ ነበር። ከሌላ ቦታ የደበዘዘ ደብዳቤ ሲመጣለት ወደ መስኮት ከፍ አድርጎ ያይና «ይህን ያባዛው ሰው ጾመኛ ነው» ይላል። ለማንኛውም የኅትመት ጉድለት የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ቀለም መጨመር። ጽሑፉ ሲሳሳ ይጨምራል። በአንድ ጎን ሲጠፋ ይጨምራል። ወረቀቱ ሲጨማደድ እንኳ፣ ይጨምራል። የከተማው ሰው «የሱ ወረቀት በጨለማም ይነበባል» ይለው ነበር። ማድነቃቸው ይሁን መቀለዳቸው ለይቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ከዋናው ከተማ አንድ ፈታኝ መጣ። የመንገድ ሥራ መኪና የሚጠግኑ ወጣቶችን ለማሠልጠኛ ሊመርጥ ነው። ሥልጠናው በነጻ፣ መኝታው በነጻ፣ ምግቡ በነጻ። ምግብ የምትለዋ ቃል በዚያን ጊዜ ምን እንደምታክል ላስረዳሽ አልችልም። ተፈታኞቹ የጨው ጭነት ሲያራግፉ፣ እንጨት ሲፈልጡ፣ በሰው በረንዳ ሲያድሩ የኖሩ ልጆች ናቸው። ከሌላ ወረዳ በእግራቸው የመጡም ነበሩ። እኔም በመካከላቸው ነበርኩ። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

ፈታኙ ጥያቄው ቀድሞ እንዳይወጣ ብሎ የያዘው አንዲት የተተየበች ስቴንስል ብቻ ነው። በፖስታ ታሽጋለች። እዚያው ተባዝታ፣ ቀለሟ ሳይደርቅ ልንፈተን ነው። ሌላ ባዶ ስቴንስል ደግሞ በከተማው አልተገኘም፤ ያለቀው ከክረምቱ በፊት ነው። ፈታኙ በሩ ላይ ቆሞ አስታወቀን።

«አውቶቡሱ ከሰዓት በኋላ ይነሣል። እኔን የሚጠብቁ ሌሎች ከተሞች አሉ። ወረቀቱ ከደረሰ ትፈተናላችሁ። ካልደረሰ ለከርሞ።»

ለከርሞ! ከመካከላችን እስከ ከርሞ መቆየቱን የሚያውቅ አልነበረም።

ጠዋቱ ውርጭ ነበር። የግቢው ሣር ነጭ ሆኗል። ቀለሙ ማባዣዋ ውስጥ እንደ ረጋ ቅቤ ተኝቷል። ጸሐፊው ስቴንስሉን አለበሰና መዘውሩን አዞረ። የወጣው ወረቀት ላይ ፊደሉ እንደ አመድ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ከበሮው እስኪሞቅ፣ ያለው ቀለም እስኪያልፍ ድረስ ምንም ሳይጨምር በባዶው ያዞራት ነበር። እሱ ግን የቀለሙን ቱቦ አነሣና ጨመረ።

አሁንም አመድ ነው። የጨመረው ከነበረው ጀርባ ተኝቷል እንጂ ገና አላለፈማ! እንደገና ጨመረ።

«ምንም አይታይም እኮ፣ ጸሐፊ» አለ ፈታኙ ሰዓቱን እያየ።

«ታገሡኝ ጌታዬ፣ ተርባለች፤ ትጠጣለች» አለና ቱቦውን ከታች ወደ ላይ ጠቅልሎ ጨመቀው። ባዶ ሲሆን ሌላ ከፈተ።

እኛ መስኮቱ ላይ ተደራርበናል። ፈታኙ ጥያቄውን እንዳናይ በካፖርቱ ይጋርደናል፤ እኛ ግን ለጥያቄው ደንታም የለን፣ ዓይናችን ከበሮው ላይ ነው። በዚህ መካከል ፀሐይ ወጣች። በባሕር ዛፉ ራስ ላይ ብቅ ብላ በምሥራቁ መስኮት ገባችና ብረቱ ላይ አረፈች። ውርጩ ለቀቀ። ማባዣዋም ሞቀች።

አንድ ወረቀት ወጣ። ጥቁር! ጥርት ያለ! ጸሐፊው ብድግ አድርጎ «ይኸውላችሁ!» አለ። እኛም ጮኽን። ከጀርባዬ የነበረው ልጅ ደስታው በዝቶበት ራሴን በጥፊ መታኝ።

ቀጣዩ ወረቀት ወፈረ። ከዚያ በኋላ የወጣው ደግሞ የፊደሉን ዓይን ሁሉ ደፈነ፤ መስመሩ የጉንዳን ሰልፍ መሰለ። ጠዋት የተጨመረው ሁሉ አንድ ላይ ደረሰ። ቀለሙ በፊደሉ ቀዳዳ ብቻ መውጣቱን ትቶ በስቴንስሉ ጠርዝ ዙሪያ እንደ ማር ተንጠባጠበ። ወረቀቱ ከበሮው ላይ ተለጠፈ። ጸሐፊው ሲጎትተው እኩሌታው በእጁ ቀረ፤ ሌላው ስቴንስሉን ይዞት ተጨማደደ።

ከኋላ የአንድ ልጅ ድምፅ መጣ።

«በሉ እንሂድ። ፈተናው ሳይጀመር ጸሐፊው ወደቀ።»

ማንም አልሳቀም። ጸሐፊው ሰምቶታል። ልማድ ክፉ ነው፤ እጁ ወደ ቱቦው ሄደ።

«ኧረ አሁንም ሊጨምር ነው!» ብሎ ያው ልጅ ጮኸ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የዞረው። ጸሐፊው እጁን አየ። እስከ ክንዱ ጥቁር ነው። ቱቦውን አስቀመጠና ማባዣዋን ትክ ብሎ ተመለከታት፤ ከብዙ ዘመን ጎረቤቱ ጋር ገና አሁን እንደሚተዋወቅ ሰው።

«አልተራበችም» አለ። «ጠግባለች። ባዶዋን መዞር አለባት።»

«ባዶዋን?» ፈታኙ ቆጣ አለ። «ጊዜ በሌለበት ሰዓት?»

«አዎ ጌታዬ፣ ባዶዋን። መጀመሪያ ግን ስቴንስሉን ላድነው።»

የስቴንስሉን ጥግ በጥፍሩ አነሣ። ያ ወረቀት ከሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል። ቢቀደድ የእኛ ነገር አበቃ። ትንፋሹን ይዞ ከጥግ ወደ ጥግ ላጠው፤ እኛም ትንፋሻችንን ይዘናል። ግማሽ ላይ ሲደርስ ጠርዙ ጥቂት ተተረተረና ከመጀመሪያው መስመር አጠገብ ቆመ። ጸሐፊው ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ቀጠለ። ሙሉው በእጁ ተንጠለጠለ! አንድ ደረቅ ጋዜጣ ላይ አነጠፈው።

አሁን የተራቆተውን ከበሮ የሚመጥ ወረቀት ያስፈልጋል። ንጹሑ ወረቀት ለፈተናው ብቻ የሚበቃ ነው፤ ፈታኙ ደረቱ ላይ አቅፎታል። ጸሐፊው መስኮቱን ከፈተና ጮኸ።

«ወረቀት አምጡ! የማይረባ ወረቀት! ያገኛችሁትን!»

ምን ቀረን! ሮጥን። የሲሚንቶ ከረጢት፣ የስኳር መጠቅለያ፣ የሳሙና ካርቶን። አልበቃም። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች። ግድግዳዋን እንደዚያ አገር ልማድ በሙሉ በጋዜጣ ለብጣዋለች፤ ብርዱን ይከላከላል፣ ጭቃውንም ይሸፍናል። ገብተን ግድግዳውን ያዝን።

«ምን ሆናችኋል እናንተ! ቤቴን ልታፈርሱ ነው?»

«እማማ፣ ማባዣዋ ጠግባ ነው!»

«ምን ጠግባ?»

«ቀለም! ካልጠጣንላት ፈተናው ይቀራል!»

ሴትዮዋ ምንም አልገባትም። ነገር ግን ዕለት ዕለት በረንዳዋ ላይ ማን እንደሚያድር ታውቃለች። ማማሰያዋን አስቀመጠችና ራሷ ከላይ ጀምራ ትገሸልጠው ገባች። «ቀስ በሉ፣ ከነጭቃው አታንሡት! ደግሞስ በበዓል ልቀይረው ነበር» አለች። በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ የብዙ ዓመት ወሬ በእቅፋችን ይዘን ተመለስን።

ጸሐፊው መዘውሩን ይዟል። የመጀመሪያው ጋዜጣ ገብቶ እንደ ሬንጅ ሆኖ ወጣ። «ጠጣ!» አልን። ሁለተኛው ገባ። «ጠጣ!» ፈታኙም ካፖርቱን አውልቆ እየደረደረ ያቀብል ጀመር፤ በነጭ ሸሚዙ! ጥቁሩ እየለቀቀ፣ ዳር ዳሩ እየነጣ፣ ቡናማ እየሆነ ሄደ። ጸሐፊው በየወረቀቱ ስንት ዓመት የወደደውን ቀለም ሲጥል ፊቱ ተኮማትሮ ነበር። ግን አልቆመም። በመጨረሻ ምንም ወረቀት ሳያስገባ ቀስ እያለ ብቻውን አዞራት። አዞራት። አዞራት። ሆዷ ውስጥ የቀረው ጥቂቱ በከበሮው ዙሪያ እኩል ተዳረሰ። ድምፅዋም ተለወጠ፤ ሲንጫጫ የነበረው ጨርቅ ዝም አለ።

ስቴንስሉን መልሶ አለበሰ። መጨማደዱን በመዳፉ አባበለው። ንጹሕ ወረቀት አስገባና አዞረ።

የወጣው ጥቁር አልነበረም። ደብዛዛም አልነበረም። እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ቆሟል። ከላይ አንድ መስመር ብቻ ትንሽ ጠመም ብላለች። ፈታኙ አየው፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረውና «ቀጥል!» አለ። ከዚያ በኋላ ቀለም ያልተጨመረባት ማባዣ መዘውሩ በተዞረ ቁጥር እየሰጠች ሄደች። እየሰጠች! ቀለሙ ሳይደርቅ ገባን። የአውቶቡሱ ጡሩንባ ሲሰማ ፈታኙ ገና ወረቀት እየሰበሰበ ነበር፤ ጸሐፊው ወጥቶ ከአውቶቡሱ ፊት ቆመ። ያን ጥቁር ክንዱን ዘርግቶ። ሹፌሩ ምን ያድርግ?

ማን እንዳለፈ፣ ማን እንደቀረ አልቆጥርልሽም። እጄ የጥገና ሰው እጅ እንደሆነ እያየሽ አድገሻል።

በኋላ በሥራ ዓለም ሌሎች ማባዣዎችም በእጄ አልፈዋል። አንደኛው ዓይነት ጠፍጣፋ የእንጨት ሣጥን ነው። ቀለሙን መስታወት ላይ ታደርጊና በእጅ ሮለር ወዲያና ወዲህ ትዳምጪዋለሽ። ባለሙያው የሚያየው ቀለሙን አይደለም፣ የሚሰማው ድምፁን ነው፤ ከሳሳ በቀስታ ይፋጫል፣ ከበዛ ይንጨፈጨፋል። ሌላው ዓይነት ሁለት ከበሮ አለው፤ በመካከላቸው ያሉት ሮለሮች ከመዞራቸው በተጨማሪ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይንሸራተታሉ፣ ቀለሙ በአንድ ቦታ እንዳይከማች። መጀመሪያ ፈትቼ ሳየው ብቻዬን ሳቅሁ። እነዚህን የሠሯቸው ሰዎች ተያይተው አያውቁ ይሆናል። ግን ሁሉም አንድ ነገር አውቀዋል። ቀለም ከመጨመር ይልቅ ቀለም ማዳረስ ይከብዳል፤ የማሽኑም ግማሽ አካል የተሠራው ለዚያ ነው።

እንግዲህ ትርሲት፣ ምሳሌው ይኸውልሽ። ማባዣዋ ልጅሽ ያፌት ነው። ቱቦውን የያዝሽው አንቺ ነሽ። አስጠኚው ቀለም ነው፤ መጥፎ ነገር አይደለም፣ ያለ እሱም ወረቀት አይጻፍም። ያፌት የደበዘዘው ግን ስላነሰው አይደለም። የትናንቱ ገና ሳያልፍ የዛሬውን ስለጨመርሽበት ነው። ጠዋቱ ውርጭ ነው ብለሽ ትንሽ አልጠበቅሽም። በኋላ ሲሞቅ ሁሉም አንድ ላይ ይደርስና በፈተናው ወረቀት ላይ ተንጠባጥቦ ይቀራል፤ የሚያውቀውን ከማያውቀው መለየት ያቅተዋል። መምህሩ «ያውቃል፣ ግን ይቀላቅላል» አለኝ ብለሽኝ የለ?

አሁን በልብሽ የምትዪውን አውቃለሁ። «ባዶውን ሲዞር ሌሎቹ ይቀድሙታል» ትያለሽ። ፈታኙም ይህንኑ ብሏል፤ በኋላ ግን በነጭ ሸሚዙ ጋዜጣ ሲያቀብል አይቼዋለሁ። ልጅ ሲጫወት፣ ሲሰለች፣ ግድግዳ ሲያይ ባዶውን እየዞረ ነው። ሥራ ላይ ነው። ያኔ ነው የገባው የሚዳረሰው።

ሂጂ፣ የነገውን አስጠኚ «አትምጣ» በዪው። ልጁ ውጭ ይዋል። ሲመለስ ምን ተማርክ ብለሽ እንዳትጠይቂው፤ እሱ ራሱ እስኪነግርሽ ዝም በዪ። ዝምታው ይረዝምብሻል፣ እጅሽም ወደ ቱቦው ይሄዳል። ያን ጊዜ እጅሽን ያዢው።